ደሴ ያልተጠየቀችበት ምርጫ፦ የ1909 ዓ.ም. የዙፋን ክርክርና በወሎ ላይ ያስከተለው መዘዝ

በኢትዮጵያ ሕዝቡ በቀጥታ ድምፁን ሰጥቶ የመረጠው ርእሰ ብሔር ኖሮ አያውቅም። በ1980 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ሸንጎም ሆነ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንት የመምረጡን ሥልጣን የሰጡት ለምክር ቤት ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ረጅም ዘመን ደግሞ የሀገሪቱ የበላይ ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ የሚወሰነው በዘር ሐረግ፣ በነጋሢው ኑዛዜ፣ በመኳንንትና በካህናት ስምምነት፣ እነዚህ ሳይገጥሙ ሲቀሩም በጦር ሜዳ ነበር። ኑዛዜውና ጉባኤው ወደ አንድ ሰው ሲያመለክቱ ሥልጣን ያለ ብዙ ደም ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል፤ ኑዛዜው ወደ አንዱ፣ ጉባኤው ወደ ሌላው ሲያመለክት ግን ሁለቱም ወገኖች ሕግ በእኛ በኩል ነው የሚሉበት፣ ከመካከላቸው የሚዳኝ ሦስተኛ አካል የሌለበት ክርክር ይፈጠራል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ክርክር የዚህ ዓይነት ሲሆን፣ ዕዳው ከሁሉ ይልቅ የወደቀው ያ ውሳኔ ሲወሰን ማንም ሐሳቧን ባልጠየቃት በደሴና በዙሪያዋ ባለው የወሎ ገበሬ ላይ ነው።

ደሴ በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ከተማ ነበረች። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ በጦሳ ተራራ ሥር ሰፍረው እንደ ነበርና ለከተማዋ መቆርቆርም ያ ሰፈር መነሻ እንደ ሆነ ይነገራል፤ ከተማ ያደረጓት ግን መቀመጫቸውን በዚያ የተከሉት የወሎው ገዥ ራስ ሚካኤል ናቸው። የቦታው ጥቅም በአቀማመጡ ይታያል። ከደሴ ደጋ በሐረጎ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ኮምቦልቻ ላይ የቦርከናን ወንዝ ያገኛል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ደግሞ የባቲ ገበያና ከዚያ ወዲያ የአፋር ቆላ ይከተላሉ። የቆላው አሞሌና ግመል፣ የደጋው እህልና በቅሎ የሚገናኙት በዚህ መስመር ስለ ነበር፣ ደሴ ላይ የተቀመጠ ገዥ ክርስቲያኑን ደገኛና ሙስሊሙን ነጋዴ በአንድ ችሎት ማስተናገድ ግድ ይሆንበት ነበር። ኮምቦልቻ ራሷ በዚያን ዘመን መንገደኛ የሚያልፍባት ሜዳ እንጂ ዛሬ የምትታወቅበትን የኢንዱስትሪ ከተማነት አላገኘችም ነበር፤ ይሁንና የደሴ በር እርሷ ነበረች። በኋላ በአዲስ አበባ የራስ ሚካኤል ልጅና የዙፋኑ ወራሽ የልጅ ኢያሱ ጥፋት ተብሎ የተቆጠረው ከሙስሊሙ ጋር መቀራረብ፣ በዚህ መንገድ ላይ ላደገ ሰው የአስተዳደር ልማድ እንደ ነበር ማስተዋል ያስፈልጋል።

ራስ ሚካኤል መሐመድ አሊ ተብለው የተወለዱ፣ ወሎን ለረጅም ጊዜ የገዛው የማመዶች ሥርወ መንግሥት ልጅ ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከደሴ ወደ ሰሜን በምትገኘው ቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ሰበሰቡ። ጉባኤው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የባሕርይና የልደት ክርክር በተዋሕዶ ወገን አሸናፊነት ከዘጋ በኋላ የወሎ ባላባቶች ክርስትና እንዲነሡ ተወሰነ፤ መሐመድ አሊም ሚካኤል ተብለው ሲጠመቁ የክርስትና አባታቸው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሆኑ። በትእዛዝ የመጣው ጥምቀት ብዙ ወሎዬን ከቀዬው አፈናቅሏል፣ ሌላውንም በልቡ ሙስሊም በአፉ ክርስቲያን ሆኖ እንዲኖር አስገድዷል፤ ሚካኤል ግን ቤተ ክርስቲያን አሳናጺ፣ በአድዋም ከወሎ ፈረሰኛ ጋር የዘመቱ ታማኝ መስፍን ሆነው ዘለቁ። የዐፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተውም ልጅ ኢያሱን ወለዱ። እንግዲህ ኢያሱ በእናታቸው የሸዋ ንጉሥ የልጅ ልጅ፣ በአባታቸው የወሎ ኢማሞች ዘር ነበሩ፤ ይህ ጋብቻ ሁለቱን ቤቶች ለማስታረቅ የታሰበ ቢሆንም፣ በመጨረሻ ሁለቱም ቤቶች በአንድ ወጣት ላይ እንዲካሰሱ አድርጓል።

ዐፄ ምኒልክ ጤናቸው እየደከመ ሲሄድ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው መረጡ፤ ውሳኔው በአዋጅ ሲነገርም ቃሉን የሚያፈርስ ሁሉ እንዲረገም ተደረገ። ለጊዜው እንደራሴ፣ ማለትም በወራሹ ስም መንግሥቱን የሚመራ ሞግዚት የነበሩት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ስለ ሞቱ፣ ወጣቱ ኢያሱ ሌላ ሞግዚት ሳይሾምባቸው ሥልጣኑን ያዙ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም፤ ኢያሱም ሳይቀቡና ዘውድ ሳይጭኑ ቀሩ፤ ለመንገሥ መቸኮል አላስፈለጋቸውም ይሆናል። ይህ ቸልታ በኋላ ዋጋ አስከፍሏል፤ ያልተቀባን ወራሽ ማውረድ የተቀባን ንጉሥ ከማውረድ ይልቅ ለኅሊናም ለሕግም የቀለለ ነውና።

ዘውድ የጫኑት አባትየው ናቸው። ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ደሴ ላይ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ነገሡ፤ የሰሜኑ ክፍል ገዥዎችም በእሳቸው የበላይነት ሥር እንዲሆኑ ተደረገ። በዚያ ዘመን ደሴ ከአዲስ አበባ ቀጥሎ የሀገሪቱ ጉዳይ የሚታይባት ሁለተኛ ከተማ ለመሆን በቃች። በንግሥናቸው ዘመን የታነጸው የግብር አዳራሽ አይጠየፍ ተባለ፤ ግብር ማለት ንጉሥ ወይም መስፍን ለጭፍራውና ለእንግዳው ሁሉ የሚያበላው ማዕድ ሲሆን፣ ስሙም አዳራሹ መጪውን ሁሉ ሳይንቅ እንደሚቀበል የሚናገር ነበር። ጭፍራ በማዕድ የሚያዝበት፣ አቤቱታ የሚሰማበት፣ ሹመት የሚነገርበት ይህ አዳራሽ ለወሎ ሰው የመንግሥት ፊት ነበር። የሸዋ መኳንንት ግን የደሴውን ዘውድ ያዩት በሥጋት ዐይን ነው፤ ምኒልክ በሕይወት ዘመናቸው ሥልጣንን ወደ አዲስ አበባ ሰብስበው ሳለ፣ አሁን የስበት ማዕከሉ ወደ ሰሜን ሲያዘነብል አሳብ ገባቸው።

ይህ ሥጋት ብቻውን አመፅ አይወልድም ነበር። ኢያሱ በመዲናይቱ የማይቀመጡ፣ የአያታቸውን አሮጌ ሚኒስትሮች የሚገፉ፣ በሐረርጌና በአፋር ከሙስሊም ባላባቶች ጋር በጋብቻ የሚተሳሰሩ ወጣት ነበሩ፤ በ1908 ዓ.ም. ክረምትም ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንን ከአባታቸው ግዛት ከሐረር አንሥተው ወደ ከፋ ሾሙ። ጊዜው አንደኛው የዓለም ጦርነት የጋመበት ነበርና፣ ኢያሱ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ያዘነብላሉ፣ የሶማሌውን የአመፅ መሪ ሰይድ መሐመድንም ይረዳሉ የሚል ፍርሃት ያደረባቸው የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን መልእክተኞች በመስከረም መጀመሪያ የተቃውሞ ማስታወሻ አቀረቡ። ሴራው ውስጥ ውስጡን በኢትዮጵያውያን የተሸመነ ነው፤ የሦስቱ መንግሥታት ማስታወሻ ግን ለሴረኞቹ ከውጭ የሚያገኙትን ድጋፍ አረጋግጦላቸዋል።

መስከረም 17 የመስቀል በዓል ነው። በዚያ ዕለት በምኒልክ ግቢ የተሰበሰቡት የሸዋ መኳንንት፣ ሚኒስትሮች፣ ካህናትና የመሐል ሰፋሪ፣ ማለትም የቤተ መንግሥቱ ጦር አለቆች፣ ኢያሱ ክርስትናቸውን ለቅቀው ሰልመዋል የሚል ክስ ሰሙ። ክሱ በምን ማስረጃ ቆመ የሚለው ዛሬም ያከራክራል፤ በሐረር መስጊድ መግባታቸው፣ የሙስሊም ልብስ መልበሳቸው፣ ከነቢዩ መሐመድ ዘር ነኝ ብለዋል መባሉ ሁሉ ተቆጠረባቸው። ተሰብሳቢው ይህን ሰምቶ ዐይኑን የጣለው በጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ለኢያሱ ታማኝ ለመሆን የተገባው መሐላ ካልተፈታ ምንም ማድረግ የማይቻል ነበር። ጳጳሱ ካመነቱ በኋላ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ፤ የምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ደጃዝማች ተፈሪም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆኑ። በአንድ ጉባኤ፣ በአንድ ቀን፣ አንድ ወራሽ ወርዶ ንግሥትና ሌላ ወራሽ ተተኩ።

ይህን ጉባኤ ሕጋዊ ነበር ወይስ አልነበረም ብሎ መዳኘት የሚፈልግ ሰው፣ የዘመኑ ሰዎች ራሳቸው ይቀበሉት የነበረውን ሕግ መመርመር ይኖርበታል። የኢትዮጵያ ንጉሥ ክርስቲያን መሆን አለበት የሚለው ሥርዓት በሁሉም ዘንድ የታመነ ነበር፤ ስለዚህ ክሱ እውነት ቢሆን ውሳኔው መሠረት ነበረው። ነገር ግን ተከሳሹ አልተጠሩም፣ መልስም አልሰጡም፤ ኢያሱ ሐረርጌ ነበሩ፣ ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ነበሩ። የወሎ ድምፅ ባልተሰማበት ጉባኤ የሸዋ ጉባኤ ለኢትዮጵያ ሁሉ መረጠ። ከዚህም በላይ ኢያሱን በመሐላ ያጸናችው ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በኋላ በዚያው ጳጳስ እጅ መሐላውን ስትፈታ፣ ግዝትን የፈራ ገበሬ የትኛውን ቃል ይያዝ? በደሴ በኩል ሲታይ ሚካኤል ዓመፀኛ አልነበሩም፤ የምኒልክን አዋጅ የሚያስከብሩ፣ ልጃቸው ሳይሰማ የተፈረደበት አባት ነበሩ። ይህ አቋም በብዙ የታሪክ መጻሕፍት ተገቢውን ክብደት አላገኘም።

ንጉሥ ሚካኤል ነጋሪት አስጎስመው ክተት አወጁ። ክተት ሲታወጅ እያንዳንዱ ዘማች ስንቁን፣ ማለትም በሶውንና ቆሎውን ቋጥሮ፣ መሣሪያውን ይዞ፣ ብዙ ጊዜም ሚስቱን ወይም አገልጋዩን አስከትሎ ይወጣ ነበር፤ የዚህ ጦር ቁጥር 80,000 ይደርስ እንደ ነበር ይጠቀሳል፤ በዚህ ግምት ውስጥ ተዋጊው ከተከታዩ እንዴት እንደ ተለየ ግልጽ ባይሆንም ጦሩ እጅግ ታላቅ ነበር። በጥቅምት ወር የመጀመሪያው ግጥሚያ በሰሜን ሸዋ ቶራ መስክ ላይ ሆነ፤ በዚያ የሸዋ ግንባር ቀደም ጦር ተደምስሶ አዛዡ ራስ ልዑል ሰገድ ወደቁ። ራስ ልዑል ሰገድ ቀደም ሲል የሚካኤል የልጅ ልጅ የወይዘሮ መነን ባል የነበሩ ሰው ናቸው፤ የዚያ ጦርነት ሁለት ጎራዎች በአንድ ቤት ውስጥ የተቆራረጡ እንደ ነበሩ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ከቶራ መስክ በኋላ ሚካኤል ሳይዘገዩ ወደ አዲስ አበባ ቢገሠግሡ ኖሮ ነገሩ በሌላ መልክ ሊያልቅ ይችል ነበር። ጊዜ የሸመቱት የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ናቸው፤ በፈረስ ስማቸው አባ መላ የሚባሉት እኒህ ሰው፣ ልባቸው ከሚካኤል ጋር እንደ ሆነ የሚያስመስል መልእክት ልከው ንጉሡን እንዳዘናጓቸውና የሸዋን ጦር ማሰባሰቢያ ቀናት እንዳገኙ ይነገራል። ጥቅምት 17 ቀን፣ ከመስቀሉ ጉባኤ ልክ አንድ ወር በኋላ፣ ሁለቱ ጦሮች ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ሰገሌ ሜዳ ላይ ተገናኙ። ከአድዋ ወዲህ በኢትዮጵያ ምድር እንዲህ ያለ ታላቅ ውጊያ አልተደረገም ነበር። ሚካኤል ከጠዋት ጀምሮ ሲዋጉ ውለው ተማረኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በጃን ሜዳ በተደረገው የድል ሰልፍ የአድዋው ዘማች፣ የደሴው ንጉሥ፣ ጥቁር ካባ ለብሰው፣ በሰንሰለት ታስረው በእግራቸው አለፉ። በሰልፉ ላይ ከተገኙት አንዱ የእንግሊዝ ሚኒስትር ልጅ የነበረው የስድስት ዓመቱ ዊልፍሬድ ቴሲገር ሲሆን፣ በኋላ ታዋቂ ተጓዥ ሆኖ ሲጽፍም ያን ቀን አልረሳም። ሚካኤል ከእስር ሳይፈቱ በ1910 ዓ.ም. መጨረሻ ዐረፉ።

ኢያሱ በሰገሌው ቀን አንኮበር አካባቢ ደርሰው ነበር፤ የአባታቸውን መማረክ ሲሰሙ ወደ ደሴ አፈገፈጉ። በደሴ ያሳለፏቸው ሳምንታት ልመና የበዛባቸው ነበሩ፤ ከትግራይ መሳፍንትና ከጣሊያን ድጋፍ ፈልገው አላገኙም። በታኅሣሥ መጀመሪያ የሸዋ ጦር ሲቃረብ ከተማዋን ለቅቀው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በሞቱባት መቅደላ አምባ መሸጉ፤ በየካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ ዘውድ ሲጭኑ፣ ከሥልጣን የወረዱት ወራሽ አሁንም በወሎ ምድር ነበሩ። በሐምሌ ከበባውን ሰብረው ወጥተው የወሎን ገበሬ ለአመፅ አነሣሡ፤ በነሐሴ ግን የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጦር አመፁን ሰበረው። ከዚያ በኋላ ኢያሱ በኮምቦልቻ ምሥራቅ ወዳለው የአፋር በረሃ ገቡ፤ በጥር 1913 ዓ.ም. ተይዘው በራስ ካሣ ኃይሉ ጥበቃ ፍቼ ላይ ታሰሩ፣ በ1924 ዓ.ም. አምልጠው እንደገና ተያዙ፣ በኅዳር 1928 ዓ.ም. በሐረርጌ በእስር እንዳሉ ሞቱ፤ ስለ አሟሟታቸው ያኔ የተወራው ሁሉ እስካሁን አልጠራም።

የነገሥታቱን ዕጣ መዘርዘር ቀላል ነው፤ የገበሬውን ዕዳ መዘርዘር ግን ይከብዳል። በዘመኑ ጦር ደመወዝና መጋዘን አልነበረውም፤ ወታደር በየደረሰበት መንደር በገበሬው ቤት እየተመራ፣ ማለትም አስተናጋጁ እየተደለደለለት፣ የሚበላውንና የሚጠጣውን ከዚያው ያገኝ ነበር። ስለዚህ በ1909 ዓ.ም. የወሎ ደጋ መጀመሪያ ለሚካኤል ክተት ስንቅና ወንድ ልጅ አዋጣ፣ ቀጥሎ የሸሸውን ጭፍራ አበላ፣ ከዚያም መቅደላን የከበበውንና አመፁን ያጠፋውን ጦር ተሸከመ፤ ሁሉም በአንድ የመኸር ዓመት። ገበሬው ከመስከረሙ ጉባኤ የደረሰው ድርሻ ይኸው ነበር። ደሴም የንጉሥ መቀመጫነቷን አጥታ ከአዲስ አበባ የሚላክ ገዥ የሚያስተዳድራት ከተማ ሆነች፤ በሰሜኑ ክፍል ላይ የነበራት የበላይነት በዚያው ቀረ።

ሆኖም የተሸናፊው ደም ከዙፋኑ አልራቀም። የሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስሂን ከአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው የወለዷቸው ወይዘሮ መነን በ1903 ዓ.ም. ተፈሪ መኰንንን አግብተው ነበርና፣ ተፈሪ የጣሉት የሚስታቸውን አጎት፣ ያሰሩትም የሚስታቸውን አያት ነበር። የመጀመሪያ ወንድ ልጃቸው አስፋ ወሰን የተወለዱት በሐምሌ 1908 ዓ.ም.፣ ጉባኤው ከመሰብሰቡ ሁለት ወር ብቻ ቀደም ብሎ ሐረር ላይ ነው። ተፈሪ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡ በኋላ ወሎን ለእኒሁ ልጅ ሰጡ፤ የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ልጅ በአያት ቅድመ አያታቸው ከተማ በድል አድራጊው ወገን ስም ተቀመጡ። የደሴው ታላቅ ትምህርት ቤት ዛሬም በወይዘሮ ስሂን ስም ይጠራል። ይህ ሹመት ወሎን ለማስታረቅ የታሰበ ይሁን ወሎን ለመያዝ፣ ምናልባት ለሁለቱም ነበር፤ የገበሬውን ሸክም ግን አላቀለለም፤ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሀብ ሲያልቅ የአውራጃዎቹ የበላይ ገዥ በስም አልጋ ወራሹ ነበሩ።

የቁስሉ ጥልቀት የታየው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጦር ማዘዣቸውን ደሴ ላይ አደረጉ፤ ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ አነደዷት። ወራሪው የኢያሱን ስም ወሎን ከማዕከሉ ለመነጠል ሲጠቀምበት የሚሰማ ጆሮ አላጣም፤ ከሃያ ዓመት በፊት ሳይጠየቅ የተፈረደበት ሕዝብ ቅሬታ ለባዕድ መሣሪያ ሆነ። ሚያዝያ 7 ቀን ጣሊያኖች ደሴ ገቡ፤ ኮምቦልቻም ከአሰብ የሚመጣው የመኪና መንገድ ከአዲስ አበባው ጋር የሚገጥምባት መስቀለኛ ሆና ማደግ የጀመረችው በእነርሱ የመንገድ ሥራ ነው።

ስለዚያ ዓመት የምናውቀው አብዛኛው ነገር በአዲስ አበባ ከነበሩ ሰዎች ብዕር የወጣ ነው። መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የዘመኑን ሁኔታ በመዲናይቱ ሆነው ተመልክተው ጽፈዋል፤ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ ራሳቸው በሴራው የተካፈሉ ናቸው። የሁለቱም ጽሑፍ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ሚካኤል ክተት ባወጁበት ሳምንት በአይጠየፍ ምን ተባለ፣ የወሎ መኳንንት ስለ ክሱ ምን አሰቡ፣ ማን ዘመተ ማንስ ቀረ የሚለውን ከደሴ ወገን የሚናገር ያን ያህል ሰፊ መዝገብ አልወጣም። የወሎ አረጋውያን ትረካ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ማስታወሻዎች፣ የባላባት ቤቶች ደብዳቤዎች ገና በሚገባ ሊሰበሰቡ ይገባል፤ ያ እስኪሆን ድረስ የሰገሌ ታሪክ በአንድ ወገን ምስክር ብቻ የተፈረደ መዝገብ ሆኖ ይቆያል።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ከመስቀሉ ጉባኤ 44 ዓመት በኋላ፣ የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ንጉሠ ነገሥቱ ውጭ ሀገር ሳሉ መንግሥቱን ያዙ፤ አዲሱን መንግሥት በሬዲዮ ያሳወቀው ድምፅም የወሎው ገዥ የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ነበር። መንበሩ እንደገና በአዲስ አበባ በተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ውሳኔ ወደ ንጉሥ ሚካኤል ዘር ዞረ፤ ክፍላተ ሀገሩ የሰሙት ከሬዲዮ ነው። ጦር ሠራዊቱና የአየር ኃይሉ ግን በሌላው ወገን ቆሙ፤ ፓትርያርኩ አቡነ ባስልዮስም ሕዝቡ ለንጉሠ ነገሥቱ የገባውን ቃል እንዲጠብቅ ገዘቱ። ታኅሣሥ 8 ቀን ሙከራው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ከሸፈ።